ካሜራችን በማታ መብራት ፊታችንን የሚስተው ለምንድን ነው?

ባለፈው ዓመት የማታ ትምህርት ተማሪዎቻችን ሰርተፍኬት የተቀበሉበትን ምሽት ታስታውሳላችሁ። ሠላሳ አንድ ተማሪዎች አንድ በአንድ ወንበር ላይ እየተቀመጡ፣ ሰርተፍኬታቸውን ከደረታቸው ፊት ይዘው ፎቶ ተነሡ። ፎቶው ታትሞ ሲመጣ ፊት ጥርት ብሎ የሚታይባቸው አምስቱ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ደብዝዘው፣ ዓይንና ቅንድብ እንደ ጭስ ተደባልቆ ነው የወጣው።

አንዲት እናት የልጃቸውን ፎቶ ይዘው ቢሯችን ድረስ መጡና «ልጆቼ፣ ወረቀቱንማ አነበብኩት፤ የልጄ ፊት የታለ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ልጅቷ በዚያው ሳምንት በሪሴትልመንት ሄዳለች፤ ድጋሚ እናንሣት ቢባል የለችም።

እኛም መልስ ስናጣ ጥፋተኛ ፈለግን። ፎቶውን ያነሣው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከፎቶ ክበባችን ልጆች ሁሉ ጎበዙ። «እጁ ይንቀጠቀጣል» ተባለና ካሜራው ተወሰደበት። ልጁ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ቲቸር፣ እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ካሜራው ራሱ ቢፕ ሲል ነው የጫንኩት» አለን። አልሰማነውም። ይህን የምንጽፈው በመጀመሪያ ልጁ ልክ ስለነበረ ነው። ደግሞም ነገሩ ከአንድ ካሜራ አልፎ የፊዚክስ መምህራን ክፍል ውስጥ ሊያሠሩት የሚችሉ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው ነው። እኛ ፊዚክስን ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ሳንጨርስ የወጣን ሰዎች ነንና ስሕተት ካገኛችሁብን አርሙን።

የደበዘዘ ፎቶ ሁሉ አንድ አይደለም

ብዙዎቻችን ፎቶ ሲደበዝዝ «እጁ ነው» እንላለን። ግን ፎቶውን ራሱን ብንጠይቀው ይናገራል። እጅ ተንቀጥቅጦ ከሆነ በፎቶው ላይ ያለው ነገር በሙሉ፣ ግድግዳውም፣ ሰሌዳውም፣ ሰውየውም ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትቶ ይታያል። በሩቅ ያለች አንዲት የመብራት ነጥብ እንኳ ትንሽ መስመር ትሆናለች። የተነሣው ሰው ተንቀሳቅሶ ከሆነ ደግሞ እሱ ብቻ ይጎተታል፤ የተቀመጠበት ወንበርና ከኋላው ያለው ግድግዳ ደህና ነው። ፎከስ የሳተ እንደሆነ ግን ምንም የተጎተተ ነገር የለም፤ ሰውየው ይፈዝዝና ከእሱ ቀደም ብሎ ወይም ወደ ኋላ ያለ ሌላ ነገር ጥርት ብሎ ይገኛል።

ታዲያ ሃያ ስድስቱን ፎቶዎች በማጉያ መነጽር ስናይ ምን አገኘን? ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ፊደል ጥርት ብሏል። ፊርማው ሳይቀር ይነበባል። እጅ ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ፊደሉም አብሮ ይጠፋ ነበር። እናትየው የነገሩን ይኸው ነበር እኮ፤ «ወረቀቱን አነበብኩት» ሲሉን እኛ ቁጣቸውን እንጂ ቃላቸውን አልሰማንም። ካሜራው ፊቱን ትቶ ከፊቱ ቀደም ብሎ ያለውን ወረቀት አጥርቶታል፤ ያውም በሃያ ስድስቱ ሁሉ ላይ ወደ አንድ ወገን ነው የሳተው። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚስት ነገር የእጅ ሥራ አይመስልም።

ካሜራው እንዴት ነው የሚያየው?

አውቶፎከስ ማለት ካሜራው ሌንሱን በራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሶ ምስሉን የሚያጠራበት ዘዴ ነው። በብዛት ተመርቶ የተሸጠው የመጀመሪያው ባለ አውቶፎከስ ካሜራ የጃፓኑ ኮኒካ ሲ35 ኤኤፍ ነው፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1977 ነበር። ሌንስ በሚቀያየርላቸው ባለመስታወት ካሜራዎች ላይ ዘዴውን ያስፋፋው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሚኖልታ 7000 ነው። የኛም ካሜራ፣ በስጦታ ያገኘነው አሮጌው፣ የዚሁ የባለመስታወት ቤተሰብ ነው።

በእንዲህ ያለው ካሜራ ብርሃን በሌንሱ ሲገባ ዋናው መስታወት አብዛኛውን ወደ ላይ፣ እኛ ዓይናችንን ወደምናስጠጋበት መስኮት ይልከዋል። የዚህ መስታወት መሐል ግን ትንሽ ብርሃን ያሳልፋል። ያለፈውን ብርሃን ከኋላው ያለ ሌላ ትንሽ መስታወት ተቀብሎ ወደ ካሜራው ወለል ይመልሰዋል። እዚያ ታች አንዲት መለኪያ ተቀምጣለች፤ ለፎከስ የምትፈርደው እሷ ናት። ፎቶውን የሚቀዳው ሴንሰር ግን ሌላ ነው፤ ከመስታወቱ ጀርባ ተሸፍኖ ተራውን ይጠብቃል። እባካችሁ ይህችን ነገር ያዙልን፦ የሚለካው ሌላ፣ የሚቀዳው ሌላ።

መለኪያዋ የምትሠራው እንደ ሁለት ዓይን ነው። አንድ ጣታችሁን ከፊታችሁ አቁሙና አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጣታችሁ የሚዘል ይመስላል፤ ባስጠጋችሁት ቁጥር ዝላዩ ይሰፋል። መለኪያዋም በሌንሱ አንድ ጎንና በሌላው ጎን የገባውን ብርሃን ለይታ ሁለት ምስል ታደርገዋለች። በሁለቱ ምስሎች መካከል ያለውን ርቀት ለክታ፣ ሌንሱ ወደየት አቅጣጫና ምን ያህል ይሂድ የሚለውን ወዲያው ታውቃለች። ስለዚህ በጣም ፈጣን ናት። ሁለቱን ምስሎች ለማነጻጸር ግን የሚያዝ ጠርዝ ትፈልጋለች፤ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ያለ ልሙጥ ጉንጭ ወይም ምንም ያልተጻፈበት ግድግዳ አይሆናትም። የሸሚዝ ኮሌታ፣ የነጠላ ጥለት፣ የዓይን ነጭና ጥቁር የሚገናኙበት ቦታ ይመቻታል።

መብራቱስ?

ሌንስ ሁሉንም ቀለም እኩል አይሰብርም። ሰማያዊ ከቀይ ይበልጥ ይሰበራል፤ ፕሪዝም ቀለማትን የሚበትነው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በአንድ ነጠላ ሌንስ ውስጥ ሰማያዊው ለሌንሱ ቀረብ ብሎ፣ ቀዩ ራቅ ብሎ፣ ዓይናችን የማያየው ታሕተ ቀይ (ኢንፍራሬድ የሚባለው) ደግሞ ከቀዩም ርቆ ይሰበሰባል። የካሜራ ሌንስ በብዙ መስታወቶች ተደራርቦ ከሚሠራባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህን ልዩነት ለማጥበብ ነው፤ ያጠበዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ማስረጃ የሚፈልግ ሰው የድሮ፣ በእጅ የሚዞር ሌንስ ካገኘ ይመልከት። ብዙዎቹ ላይ ከርቀት ምልክቱ ጎን አንዲት ቀይ ነጥብ ወይም መስመር አለች። በኢንፍራሬድ ፊልም የሚያነሣ ሰው ፎከሱን እንዲያዛውርባት የተቀመጠች ናት።

በዚያ ምሽት አዳራሹን ያበሩት በጄኔሬተር የሚሠሩ ሁለት ቢጫ አምፖሎች ነበሩ፤ ክር ያላቸው፣ የድሮዎቹ። እንዲህ ያለ አምፖል ብርሃን የሚሰጠው ክሩን በማጋል ነው። ከሚወጣው ጨረር አብዛኛው ለዓይን የማይታይ ታሕተ ቀይ ነው፤ እጃችሁን ስታስጠጉ የሚሰማችሁ ሙቀት ማለት ነው። ፎቶውን የሚቀዳው ሴንሰር ታሕተ ቀዩን የሚያግድ ማጣሪያ ከፊቱ አለው። ወለል ላይ ያለችው መለኪያ ግን በብዙ ካሜራዎች ቀዩንና ከቀይ ወዲያ ያለውን ከሴንሰሩ በበለጠ ታያለች። ፋብሪካው ይህን ልዩነት አስቦ ያስተካክላታል፤ ለቀን ብርሃን የተስማማ ማስተካከያ ግን ለቢጫ አምፖል ላይስማማ ይችላል።

ታዲያ በቢጫ አምፖል ሥር መለኪያዋ «ጠርቷል» ብላ ቢፕ ስትል፣ የጠራላት በአብዛኛው እሷ የምታየው ቀይ ብርሃን ነው። እኛ የምናየው ብርሃን ደግሞ ሴንሰሩ ላይ ሳይደርስ ቀደም ብሎ ይሰበሰባል። በፎቶው ላይ ሲታይ ከሰውየው ይልቅ ወደ ካሜራው የቀረበው ነገር ይጠራል። ወደ ካሜራው የቀረበው ምን ነበር? ሰርተፍኬቱ!

አምራቾቹም ይህን ያውቁታል። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው 7ዲ የተባለ ካሜራ የብርሃን መለኪያው ቀለምም እንዲለይ ተደርጎ የተሠራው፣ በመብራቱ ዓይነት የተነሣ ፎከስ እንዳይዛባ ጭምር ተብሎ ነው። የኛው ካሜራ ከዚያ የቀደመ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

ረጅሙ ነጭ ፍሎረሰንት ሌላ ጠባይ አለው። በቱቦው ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ተን የሚያወጣውን የማይታይ ጨረር በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተቀባው ዱቄት ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። ቀለሙ ግን እንደ ቀን ብርሃን የተያያዘ ሳይሆን የተቆራረጠ ነው፤ በተለይ 436 ናኖ ሜትር ላይ ሰማያዊው፣ 546 ናኖ ሜትር ላይ አረንጓዴው ጎልተው ይወጣሉ። ደግሞም ብልጭ ድርግም ይላል። በአካባቢያችን ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ስለሆነ በድሮው ባላስት የሚሠራ ፍሎረሰንት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ 100 ጊዜ ይፈዝዛል። ዓይናችን አያየውም፤ መለኪያዋ ግን ብርሃኑን በጣም አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ስለምትቀበል አንዴ ሲደምቅ፣ አንዴ ሲፈዝዝ ልታገኘው ትችላለች። ጄኔሬተሩ ሲያስነጥስማ አይጣል ነው።

አሁን ብዙው ቤት የገባው የሶላር ኤልኢዲ መብራት ከሁለቱም ይለያል። ነጩ ብርሃን የሚሠራው 450 ናኖ ሜትር ገደማ ሰማያዊ ከምታወጣ ቅንጣትና በላይዋ ከተቀባ ቢጫ ዱቄት ነው፤ ታሕተ ቀይ የለውም ለማለት ይቻላል። ይህ ኋላ ይጠቅመናል።

በዚህ ሁሉ ላይ የብርሃኑ ማነስ አለ። የጠራ ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ነው። በደንብ የበራ መማሪያ ክፍል ከ300 እስከ 500 ሉክስ ይሆናል፤ የኛ አዳራሽ ከዚያም በታች እንደሆነ ግልጽ ነው። ዓይናችን ስለሚለምድ የበራ ይመስለናል እንጂ ለካሜራ ጨለማ ነው።

ሙከራችን

ይህን ሁሉ ካሰብን በኋላ «እስቲ ይለካ» አልን። ልጁንም ጠራነው፤ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ኋላ መጣ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ዘረጋን። በሜትሩ ጎን አንድ መጽሐፍ ትልልቅ ፊደል ያለበትን ሽፋኑን ወደ ካሜራው አድርገን አቆምን። ካሜራውን በጡብ ደግፈን ከመጽሐፉ 2 ሜትር ላይ አስቀመጥነው፤ የማንም እጅ እንዳይነካው በሰዓት መቁጠሪያው እንዲያነሣ አደረግን። ፎከሱን መጽሐፉ ላይ እያስደረግን በየመብራቱ አሥር አሥር ጊዜ አነሣን። ፎቶውን ኮምፒዩተር ላይ አጉልተን የሜትሩ የትኛው ቁጥር ይበልጥ እንደጠራ አነበብን።

ጠዋት በር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ከአሥሩ ዘጠኙ መጽሐፉ ላይ ዋሉ። በቢጫ አምፖል አሥሩም ወደ ካሜራው ቀደሙ፤ ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር። በፍሎረሰንት ደግሞ አንዱ ቀደመ፣ አንዱ ዘገየ፣ አንዱ ልክ ሆነ፤ ሁለት ጊዜ ካሜራው ወዲህ ወዲያ ሲል ቆይቶ እምቢ አለ። የፊዚክስ መምህራን ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው «ሲስተማቲክ» እና «ራንደም» የሚባሉትን ሁለት ዓይነት ስሕተቶች የሚያሳዩበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። የቢጫው አምፖል ስሕተት ቢደጋገም አይጠፋም። የፍሎረሰንቱ ግን ደጋግሞ ላነሣ ሰው አንዱ ይሳካለታል።

አሁን ስሌቱን እንይ። የትኩረት ርዝመት ግልባጭ ከዕቃው ርቀት ግልባጭና ከምስሉ ርቀት ግልባጭ ድምር ጋር እኩል ነው፤ ተማሪዎቻችን ያውቁታል። ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ዕቃው 2,000 ሚሊ ሜትር ሲርቅ ምስሉ 51.28 ሚሊ ሜትር ላይ ይሰበሰባል። ዕቃው 1,900 ሲሆን 51.35 ላይ። ልዩነቱ 0.07 ሚሊ ሜትር ነው። ከደብተራችሁ አንድ ወረቀት ገንጥላችሁ በጣታችሁ መካከል ያዙት፤ ያንን ያህል ነው። ካሜራው ውስጥ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ስሕተት፣ ውጭ የአንዲት ልጅ ፊት አጠፋ።

በመጨረሻ የኛም ጥፋት አለበት። «መብራቱ ትንሽ ስለሆነ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ክፈተው» ብለን ልጁን ያዘዝነው እኛ ነን። በ2 ሜትር ርቀት፣ በኤፍ 1.8፣ በእንደኛ ዓይነት ካሜራ ጥርት የሚለው ውፍረት በጠቅላላው 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ወደ ፊት ግማሹ፣ ወደ ኋላ ግማሹ። ፎከሱ 10 ሳንቲ ሜትር ሲቀድም ፊቱ ከዚያ ውጭ ይቀራል። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 5.6 ብናጠብበው ውፍረቱ ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ይሰፋ ነበር። ፊቱም ወረቀቱም ይገቡ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከሁሉ የሚሻለው ፎቶውን ጀንበር ሳትጠልቅ በር ላይ ማንሣት ነው። ይህ ሞኝ ምክር ይመስላል፤ ግን የማታ ተማሪ ፎቶ ማታ ካልሆነ የሚል ሕግ የለም። ግድ ማታ ከሆነ ቀዳዳውን አጥብቡ። ከኤፍ 1.8 ወደ ኤፍ 5.6 ስትሄዱ ብርሃኑ በ10 እጅ ገደማ ይቀንሳልና ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ተነሺው ሳይነቃነቅ እንዲቆይ ንገሩት፣ ወይም ፍላሽ ተጠቀሙ።

የኤልኢዲ ባትሪ ካላችሁ ፎከስ በምታደርጉበት ጊዜ የተነሺው ኮሌታ ላይ አብሩበት፤ ዓይኑ ውስጥ ግን አታብሩበት። ታሕተ ቀይ ስለሌለው መለኪያዋን ከቢጫው አምፖል ያነሰ ያሳስታታል። እኛ ስንሞክረው ቅድሚያው ከ10 ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። ቁልፉን በግማሽ ተጭናችሁ ፎከሱ ከተያዘ በኋላ ባትሪውን አጥፍታችሁ ማንሣት ትችላላችሁ። የመሐሉን የፎከስ ነጥብ ምረጡ፤ በብዙ ካሜራዎች ጠንካራው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አንዳንድ ካሜራዎች ላይ ፎከሱ የሚቀድም ወይም የሚዘገይ ከሆነ በቁጥር የሚታረምበት ቦታ ገብቷል። ያላችሁ ሞክሩት፤ ነገር ግን ለቢጫ አምፖል ያረማችሁት ካሜራ ነገ ጠዋት በፀሐይ ወደ ኋላ እንደሚስት አትርሱ።

ስልክ ለያዛችሁም አንድ ቃል። ስልክና መስታወት የሌላቸው አዳዲስ ካሜራዎች ፎከስ የሚያደርጉት ፎቶውን በሚቀዳው ሴንሰር በራሱ ላይ ነው። የሚለካውና የሚቀዳው አንድ ስለሆነ የኛ ዓይነት የቢጫ አምፖል ጣጣ ብዙም አያገኛቸውም። በጨለማ ግን እነሱም ወዲህ ወዲያ ሲሉ ይቆያሉ፤ ስለዚህ ጠርዝ ያለው ነገር ላይ ጣታችሁን ነክታችሁ ጥቂት ታገሡ።

ከዚህ ሁሉ የበለጠውን ዘዴ ያመጣው ግን ያው ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ካሜራው ማታ የሚዋሽ ከሆነ ለምን ቀን አንጠይቀውም?» አለ። ቀን በር ላይ 2 ሜትር በተለካ ገመድ መጽሐፉን አስቀምጦ ፎከስ አደረገ። አውቶፎከሱን አጠፋ። የሌንሱን ቀለበት እንዳይዞር በፕላስተር ለጠፈው። ማታ አዳራሽ ውስጥ የገመዱን አንድ ጫፍ ካሜራው ሥር አሰረ፤ ሌላውን ጫፍ ተነሺው አገጩ ጋ ይዞ ገመዱ ሲወጠር ይለቀዋል፣ ያኔ ይነሣል። በቢጫው አምፖል፣ በኤፍ 4፣ አሥራ ሁለት ሰው አነሣ። አሥራ ሁለቱም ጠርተው ወጡ።

ካሜራው ለልጁ ተመልሷል፤ ይቅርታም በክበቡ ፊት ጠይቀነዋል። ባለፈው ዓመት ፎቶአችሁ የደበዘዘባችሁ ከሃያ ስድስቱ ሃያ ሦስታችሁ እዚሁ ናችሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሰርተፍኬታችሁን ይዛችሁ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተገኙ። የሄዱት ሦስቱ ወላጆች ወይም ዘመዶች ካላችሁ ደግሞ ከሄዱበት አገር የተነሡትን ፎቶ በስልክ አስልኩልን፤ ከሰርተፍኬቱ ጋር አብረን እናትምላችኋለን።